ጾማችን የትርፍና ኪሳራ ሒሳብ ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ደብረ ብርሃን ኢኮኖሚክስ እማራለሁ። ክፍል ውስጥ «ሰው ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ከሞት በኋላ የሚያገኘውን አስልቶ ነው» የሚል ሐሳብ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ስጾም ነጋዴ የሆንኩ ይመስለኛል። ፈተናውን ካለፍኩም ለጻድቃኔ ማርያም ጥላ አስገባለሁ ብዬ ተስያለሁ። ምን ይሉኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ ሐሳቡን ያመጡት አዚና ኤረንበርግ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1975። ሰው ጊዜውን ለሥራና ለአምልኮ ያከፋፍላል፣ ለአምልኮ የሰጠው ሰዓት ለወዲያኛው ዓለም የሚያስቀምጠው ነው አሉ። ዕድሜ ሲገፋ ቤተ ክርስቲያን ማዘውተርንም በዚሁ አስረዱ። (ኪዳን ለማድረስ በሌሊት የሚነሡት እናቶቻችን ቢሰሙ ይስቃሉ።)

ሃይማኖትን በኢኮኖሚክስ መነጽር የሚያጠናው ዘርፍ ግን ከንቱ አይደለም። ሎረንስ ያናኮኒ የተባለው ምሁር ጥብቅ ሥርዓት ያለው ጉባኤ የሚጠነክረው ሳይሰጥ ሊቀበል የሚመጣው ስለሚሸሽ ነው ይላል። ይህንንስ ከጽዋ ማኅበር እናውቀዋለን። ዓመቱን ሙሉ በየሰው ቤት ጠላ ሲጠጣ ከርሞ ተራው ሲደርስ ድምፁ የሚጠፋ አይታጣም። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው፣ ቅጣት የሚጥለው ወዶ ነው እንዴ?

ስሌቱ የማይሠራው ዋጋው ላይ ሲደረስ ነው። ማቴዎስ 20ን አንብብ። ከማለዳ ጀምሮ የሠራውም፣ በአሥራ አንደኛው ሰዓት የገባውም እኩል አንድ ዲናር ተቀበሉ። የማለዳዎቹ አጉረመረሙ። በሰዓት ከታሰበ እውነት አላቸው! የወይኑ ቦታ ባለቤት ግን የከፈለው በቸርነቱ እንጂ በሰዓት አልነበረም። በዚህ ቤት ሰዓት ቆጥሮ ትርፍ ማስላት አይቻልም።

ዋጋ ተስፋ ማድረግህ ግን ኃጢአት አይደለም። በሰማይ መዝገብ ሰብስቡ ያለው ራሱ ጌታ ነው። ቅዱስ ባስልዮስ ቅጣት ፈርቶ የሚታዘዘውን ባሪያ፣ ደመወዝ ፈልጎ የሚታዘዘውን ምንደኛ፣ ወዶ የሚታዘዘውን ልጅ ይለዋል። ረቡዕ በምንደኛ ልብ የጀመርከውን ጾም ዓርብ በልጅ ልብ ልትጾመው ትችላለህ። ልቤ እስኪጠራ ልቆይ ብለህ ጾሙን አትተው።

ስእለቱን በተመለከተ፣ ሐናም ልጅ ብትሰጠኝ ብላ ተስላለች፤ ተሰምታለች። ንግድ የሚሆነው ጥላው ውጤቱን ይገዛልኛል ብለህ ደብተርህን ስትዘጋ ነው። ስለዚህ አጥና። ካለፍክ አታዘግይ፤ መክብብ 5፥4 የሚያዝዘው ይህንኑ ነው። የጥላው ዋጋ ከአቅምህ በላይ ከሆነብህ ተበድረህ አትግዛ፤ አስቀድመህ ለንስሐ አባትህ ንገራቸው።