የቀለም ስህተት መስክ አያስቀይርም
«የሕክምና ላቦራቶሪ ተማሪ ነኝ። የደም ስላይድ ሳቀልም አንዴ ሰማያዊ ይሆንብኛል፣ አንዴ ይቀላብኛል። ደሙን ማሽን በሚቆጥርበት ዘመን ይህን መማር ምን ይጠቅመኛል? መስክ ልቀይር?» ብለሽ ጽፈሽልኛል።

እህቴ፣ ከመስኩ በፊት ደም የቀባሽበትን መስታወት፣ ስላይድሽን፣ እንየው። ስላይዱን በምታቀልሚበት ጊምሳ ውስጥ ሁለት ወገን ቀለሞች አሉ። ሰማያዊዎቹ ቤዝ (የአሲድ ተቃራኒ) ስለሆኑ አሲዳማውን ዲኤንኤ ይይዛሉ፤ ቀዩ ኢዮሲን ደግሞ አሲድ ስለሆነ የቀይ ሴሉን ሄሞግሎቢን ይዞ ያቀላዋል። የሁለቱን ሚዛን የሚጠብቀው ቀለሙ የሚበጠበጥበት ውሃ፣ ማለትም የባፈሩ፣ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ነው። ለወባ ምርመራ 7.2 እንዲሆን የሚፈለገው ለዚህ ነው። ከፍ ካለ ሁሉም ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ዝቅ ካለ ወደ ቀይ። ደሙ ወፍሮ ከተቀባ ወይም በደንብ ካልታጠበም ሰማያዊ ይሆናል። ባፈሩን ለክተሽው ታውቂያለሽ? እኔ የምጠረጥረው እሱን እንጂ እጅሽን አይደለም።

ለአንድ ወር ከእያንዳንዱ ስላይድ ጋር ፒኤቹን፣ የቆየበትን ደቂቃና ቀለሙ የተበጠበጠበትን ሰዓት ጻፊ። የተበላሹትን አትጣዪ፤ ከደህናዎቹ ጎን አስቀምጠሽ አወዳድሪያቸው። ቀይ ሴል ላይ ጥገኛ ተውሳክ የሚመስል ጥቁር ነጥብ ስታዪም ፎከሱን በጥቂቱ አዙሪው። የቀለም ዝቃጭ ከሆነ ከሴሉ በላይ ስለሚቀመጥ፣ ሴሉ ሲጠራ እሱ ይደበዝዛል። ይህን የለየች ዓይን ጤነኛውን ሰው ያለበሽታው መድኃኒት ከመዋጥ ታድነዋለች።

የማሽኑን ነገር በአንድ ምሳሌ ልንገርሽ። አንዳንድ ሰው ደሙ ኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል) ያለበት ቱቦ ውስጥ ሲገባ ፕላትሌቶቹ፣ ደም እንዲረጋ የሚረዱት ጥቃቅን የደም ክፍሎች፣ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ማሽኑ እያንዳንዱን ለይቶ መቁጠር ስለማይችል «ፕላትሌት አንሷል» ይላል። ስላይዱን አቅልሞ ጫፉ ላይ የተከማቸውን ወይን ጠጅ ክምር የሚያየው ሰው ነው። ማሽኑ ያልተለመደ ሴል ሲጠረጥርም ምልክት ሰጥቶ ወደ ማይክሮስኮፕ ይመልሰዋል። የሚቀጥሩሽ ሰዎች የሚፈልጉት ይህን ውጤት ፈርማ የምታወጣ ባለሙያ ነው። ግራም የተባለው ሐኪም በ1884 ያስተዋወቀው የባክቴሪያ ማቅለሚያ ዛሬም የዕለት ሥራ ነው፤ በፓቶሎጂ (የአካል ናሙና አይቶ በሽታን በመለየት) በኩልም ሰፊ በር አለ።

አንድ ነገር ግን በእውነት መልሺልኝ። ወባ የለም ለማለት በትንሹ 100 የዕይታ መስክ (በሌንሱ በአንድ ጊዜ የሚታይ ክብ) መታየት አለበት። ለዚያ ሁሉ ጊዜ ሌንስ ላይ ማጎንበስ ራሱ ካስጠላሽ የትምህርት መስክ ለመቀየር በቂ ምክንያት ነውና ጻፊልኝ፣ አብረን ሌላ እንፈልጋለን። ችግሩ ቀለሙ ብቻ ከሆነ ግን ነገ ጠዋት ባፈሩን ለኪው።