ርእሰ ብሔርን ማን ይምረጥ? ከጎጃም ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ደብረ ማርቆስ ሕገ መንግሥት አስተምራለሁ። ስለ ርእሰ ብሔር አመራረጥና ስለ ክልሎች ድርሻ ከደረሱኝ ጥያቄዎች የቻልኩትን ልመልስ።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ መምህር፣ ፕሬዚዳንት ሲመረጥ የእኛ ድምፅ የት ነው?

መልስ፦ በቀጥታ የለም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 70 መሠረት የተወካዮች ምክር ቤት ዕጩ ያቀርባል፤ ሁለቱ ምክር ቤቶች፣ የተወካዮችና የፌዴሬሽን፣ በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ለስድስት ዓመት ይመርጡታል። የእርስዎ ድርሻ የሚያልቀው ተወካይዎን በመረጡ ዕለት ነው።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ ክልሎች በተራ ቢይዙትስ? ለእኛም አንድ ጊዜ ይድረሰን።

መልስ፦ ስሜቱ ይገባኛል፤ በሐሳቡ ግን አልስማማም። ተራ ከሆነ ሰው የሚታጨው በትውልድ ቀዬው ነው፤ ተራ ያልደረሰው ሕዝብም ለዓመታት ባዳ ሆኖ ይቀመጣል። በማሌዢያ ዘጠኝ ባለ ዘውዶች ንግሥናውን በየአምስት ዓመቱ ይፈራረቁበታል፤ ይህ ያለ ጠብ የሚሄደው ዋናው ሥልጣን በጠቅላይ ሚኒስትሩ እጅ ስለሆነ ነው። የእኛም እንደዚያው ነው ካሉኝ ልክ ነዎት። ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚመርጠው የተወካዮች ምክር ቤት ብቻ ነው፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት እጁ የለበትም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ጥያቄ (ከእንጅባራ)፦ እኛ አዊዎችስ በቁጥር አንዋጥም?

መልስ፦ በፌዴሬሽን ምክር ቤት እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ ወንበር አለው፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ ደግሞ አንድ ይጨመራል። አዊ በስሙ ይወከላል፤ ጎጃም ግን እንደ ጎጃም ወንበር የለውም።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ ሌሎች አገሮች እንዴት አደረጉት?

መልስ፦ ናይጄሪያን ልብ ይበሉ። አሸናፊው ብዙ ድምፅ ማግኘቱ አይበቃውም፤ ከክልሎቹ በሁለት ሦስተኛው ውስጥ ቢያንስ አንድ አራተኛ ድምፅ ማግኘት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1979 ክልሎቹ 19 ነበሩ፤ የዚህ ሁለት ሦስተኛ 12 ሙሉ ከሁለት ሦስተኛ ይመጣል። ብዙ ድምፅ ያገኙት ዕጩ ሸሁ ሻጋሪ አንድ አራተኛውን በ12 ክልሎች አሟሉ፤ በአሥራ ሦስተኛው፣ በካኖ ክልል፣ ግን ጎደላቸው። «13 ነው የሚያስፈልገው» የሚል ሙግት ተነሥቶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ለሻጋሪም ተፈረደ። ኬንያ በ2010 ሕገ መንግሥቷ ነገሩን አጥርታ ጻፈችው፦ ከጠቅላላው ድምፅ ከግማሽ በላይ፣ ከ47ቱ ካውንቲዎች (የአስተዳደር ክፍሎች) ቢያንስ በ24ቱ ደግሞ 25 በመቶ። እንዲህ ሲሆን ዕጩው ዘመድ ወደሌለበት አገር ሄዶ ደጅ ይጠናል።

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ ለእኛ ይበጃል?

መልስ፦ ይበጃል እላለሁ፤ ሕዝቡ ርእሰ ብሔሩን በቀጥታ የሚመርጥ ከሆነ። ለዚያ ሕገ መንግሥቱ መሻሻል አለበት፤ በአንቀጽ 105 መሠረት የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ከክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛው በአብላጫ ድምፅ ማጽደቅ አለባቸው። ስለዚህ የክልል ምክር ቤት ዕጩ ሞጣ ሲመጣ ስለ መንገድና ስለ ማዳበሪያ ብቻ አይጠይቁት፤ በዚህም ጉዳይ አቋሙን ያናግሩት።