አመዱን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ

ልጆቼ፣

እሳት አጥፊዎች ከተራራው ሲወርዱ እኛ እንወጣለን፤ ከሰደድ እሳት በኋላ የትኛው ተዳፋት ዝናብ ሲመጣ የጭቃ ጎርፍ ሊያወርድ እንደሚችል መርምረን ካርታ ልንሠራ። ሥራችን የሚጀምረው ሰው ሁሉ «ተመስገን፣ አለፈ» በሚልበት ቀን ነው። መሬቱ ገና ይሞቃል፤ አንዳንዱ ጉቶ ውስጥ ውስጡን ይጨሳል። ከዚያ ቀን አንስቶ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ እስኪወርድ ያለችው ጊዜ ናት የእኛ። ወራት ልትሆን ትችላለች፤ ሳምንታት ብቻም ልትሆን ትችላለች።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ቶማስ የተባለው ሰደድ እሳት የተነሳው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 4 ቀን 2017 ነው። ጃንዩዋሪ 9 ቀን 2018፣ ገና ሳይነጋ፣ ከተቃጠለው ተራራ ሥር ባለችው ሞንቴሲቶ ላይ ዶፍ ወረደ። ከተራራው የጭቃ ጎርፍ ወርዶ 23 ሰዎች ሞቱ፤ ከ400 በላይ ቤቶች ተጎዱ። እሳቱ ከተነሳ 36 ቀኑ ነበር። ሙሉ በሙሉ በቁጥጥር ሥር ዋለ ተብሎ እንኳ ገና አልታወጀም።

ጎርፍ ሲባል ውኃ ብቻ አይታያችሁ። ይህኛው እንደ እርጥብ ሲሚንቶ ነው። አፈር፣ አመድ፣ ግንድና መኪና የሚያክል ቋጥኝ አንድ ላይ ተቦክተው ይመጣሉ። ሮጦ ማምለጥ አይቻልም። ብዙ ጊዜ ደግሞ አነሳሱ ተራራው ተንዶ አይደለም። ውኃው ወደ አፈር መግባት አቅቶት በላዩ ይፈሳል፤ ሲፈስ ያገኘውን እያነሳ ይወፍራል።

ወጣት ሳለሁ ሁለት ተዳፋቶችን ከመንገድ ዳር ሆኜ ተመለከትኩ። አንደኛው ጥቁር፣ ማዶ ያለው ነጣ ያለ ግራጫ ነበር። ጥቁሩን «ክፉኛ የተቃጠለ»፣ ግራጫውን «ቀላል» ብዬ ጻፍኩ። አብሮኝ የነበረው አንጋፋ ባለሙያ ጽሑፌን አነበበና ምንም ሳይናገር አካፋ ሰጠኝ። ሁለቱንም ወጣናቸው። ጥቁሩ ላይ አፈሩ አሁንም ጓል ጓል ነው፤ የሣሩ ሥር ስትጎትተው እሺ ብሎ አይበጠስም። ግራጫው ላይ ግን አመዱ ቁርጭምጭሚቴን ዋጠው። ከሥሩ ያለው አፈር ዱቄት ሆኗል። ቀጫጭኖቹ ሥሮች በጣቴ ስነካቸው ብን አሉ። ጥቁር ከሰል ካለ ሊቃጠል የሚችል ነገር ቀርቷል ማለት ነው። ነጭ አመድ ሲሆን የተረፈ የለም። ገልብጬ ነበር የጻፍኩት። ያ ወረቀት እንዳለ ወደ ካርታ ቢገባ ኖሮ ከግራጫው ተዳፋት ሥር የሚኖሩት ሰዎች «እናንተ ደህና ናችሁ» ይባሉ ነበር። እስካሁን ሳስበው ሆዴን ያመኛል።

የውኃ ጠብታውን ሙከራ አትናቁት። አመዱን ጠርጋችሁ አንድ ጠብታ አፈሩ ላይ ጣል አድርጉና ቁጠሩ። ጤነኛ አፈር ወዲያው ይጠጣዋል። ጠብታው እንደ ዶቃ ድብልብል ብሎ ከ5 ሰከንድ በላይ ከቆየ አፈሩ ውኃን እየገፋ ነው። ዕፅዋት ሲቃጠሉ እንደ ሰም ያለ ነገር ይተንና ወደ አፈሩ ይገባል። ወረድ ብሎ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ሲያገኝ የአፈሩን ቅንጣቶች ይለብጣቸዋል። ስለዚህ ላዩን ብቻ ሞክራችሁ አትሂዱ። በሳንቲሜትር በሳንቲሜትር ወረድ እያላችሁ ድገሙት።

ዛሬ ሳተላይት አላችሁ፣ ድሮን አላችሁ። እሰየው። ሳተላይቱ ከእሳቱ በፊትና በኋላ ያለውን ምስል አነጻጽሮ የት ምን ያህል እንደተቃጠለ በፍጥነት ይነግራችኋል። እኛ በእግር ስንዞር ሳምንት የሚፈጅብንን ነገር ነው። ግን በአብዛኛው የሚያየው የዕፅዋቱን መለወጥ ነው። የአፈሩን ሁኔታ የምታረጋግጡት ተንበርክካችሁ ነው።

ከተዳፋቱ በኋላ ወደ ቦዮቹ ውረዱ። እሳት ቁጥቋጦውን ሲበላው፣ ቁጥቋጦው ደግፎት የነበረው ኮረትና አፈር ያለ ምንም ዝናብ እየተንሸራተተ ቦዩ ውስጥ ይከማቻል። ጸጥ ብላችሁ ብትሰሙ ጠጠሩ ሲንኮሻኮሽ ይሰማችኋል። ያ ክምችት ለመጀመሪያው ዝናብ የተዘጋጀ ጭነት ነው። ቁልቁለቱ ከ23 ዲግሪ በላይ ከሆነና ክፉኛ ከተቃጠለ ደግሞ አጥብቃችሁ ተጠንቀቁ።

ሰው የሚጠይቀው «ስንት ቀን ዘነበ?» ብሎ ነው። እናንተ በ15 ደቂቃ ውስጥ ስንት እንደወረደ ጠይቁ። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ (የአገሪቱ የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት) ከእሳት በኋላ በሚያወጣቸው ካርታዎች በመነሻነት የሚወስደው በሰዓት 24 ሚሊሜትር ፍጥነት ያለውን የ15 ደቂቃ ዝናብ ነው። በሩብ ሰዓት 6 ሚሊሜትር ማለት ነው። እዩት እስቲ፣ 6 ሚሊሜትር! ቀኑን ሙሉ ቀስ ብሎ የሚያካፋ ዝናብ ከዚያ ብዙ እጥፍ አውርዶ ምንም ላያደርግ ይችላል።

ስለ ራሳችሁም አስቡ። የተቃጠለ ዛፍ ያለ ነፋስ ይወድቃል፤ ሥሩ መሬት ውስጥ ተቃጥሎ አልቋልና። ሥሩ የነበረበት ጉድጓድም አመድ ሞልቶበት ደልዳላ ይመስላል። በዱላ ሳትነኩ አትርገጡ። ከላይ ደመና ከተሰበሰበ፣ እናንተ ጋ ፀሐይ ቢሆንም፣ ከቦዩ ውጡ።

አደጋው በአንድ ክረምት አያበቃም። የሞቱት ሥሮች ቀስ እያሉ ይበሰብሳሉ። ከዓመታት በኋላ፣ ሁሉ ነገር አረንጓዴ ሆኖ ሰው እሳቱን ሲረሳው፣ በረጅም ዝናብ የራሰ ተዳፋት ያን ጊዜ በእርግጥ ሊናድ ይችላል። ለዚህ የሚሆን በጀትና ትኩረት ማግኘት ከባድ ነው። እናንተ ግን አትርሱት።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ። ካርታ ሠርቶ ለኃላፊዎች ማስረከብ ሥራውን አይጨርሰውም። ሞንቴሲቶ ውስጥ ማስጠንቀቂያው ነበር። ግን በእሳቱ ምክንያት ቤታቸውን ጥለው ወጥተው የተመለሱ ሰዎች እንደገና ውጡ ሲባሉ ደክሟቸው ነበር። ይህን ድካም አክብሩት፤ አትቆጡት። «ጎርፉ የመምጣት ዕድሉ 60 በመቶ ነው» ስትሏቸው አንዱ «በቃ አልቆልናል» ይላል፣ ሌላው «40 በመቶ ደህና ነን» ይላል። ይልቅ በየት በኩል እንደሚመጣ፣ የትኛውን መንገድ እንደሚዘጋ፣ መቼ መውጣት እንዳለባቸው ንገሯቸው።

አንድ ጊዜ በሸለቆ አፍ ላይ የሚኖሩ አንዲት እናት ቤት ገባሁ። ቦታው እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ደለል ነው። ካርታዬን ዘርግቼ ስለ ተፋሰስ፣ ስለ ቃጠሎ መጠን፣ ስለ ዝናብ አስረዳሁ። በትዕግሥት ሰሙኝ። እንዳልገባቸው ከፊታቸው አየሁ። ከዚያ ግቢያቸው ውስጥ ወዳለው፣ ቁመቱ እኔን ወደሚያክል ቋጥኝ ጠቆምኩና «ይህ ከየት የመጣ ይመስልዎታል?» አልኳቸው። «ቤቱን ስንገዛም እዚሁ ነበር» አሉ። ቀና ብለው ሸለቆውን አዩ። መልሰው ድንጋዩን አዩ። «ከዚያ ነው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «ታዲያ ሌላም ሊመጣ ነዋ!»

ዝናቡ ከመጣል አንድ ቀን በፊት ልጃቸው ጋ ሄዱ።

ከዝናቡ በኋላ መመለስም የሥራው አካል ነው። ያንኑ ማስታወሻ ደብተር ይዛችሁ፣ የገመታችሁትንና የሆነውን ጎን ለጎን ጻፉ። ጭቃው ግንድና ግድግዳ ላይ የተወውን መስመር ለኩ። እኔም ያኔ ተመልሼ ሜትሬን ዘረጋሁ። የጭቃው መስመር ከመኝታ ቤታቸው መስኮት በላይ ነበር። ድንጋዩ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ከጎኑ ግን ሌሎች ሁለት ተጨምረዋል።