ታንኳ መቅዘፍ እንጀራ ይሆናል ወይ?

ጥያቄ፦ «ሃያ ዓመቴ ነው። ያደግሁት ባሕር ዳር ነው፤ ወደ ሚኒሶታ የመጣሁት በ14 ዓመቴ ነው። አሁን ሴንት ፖል ውስጥ ነርሲንግ ለመግባት የሚያስፈልጉትን ኮርሶች እየወሰድኩ ነው። ባለፈው ሰመር ከጓደኞቼ ጋር በሰሜን ሚኒሶታ በኢሊ ከተማ በኩል ባውንደሪ ዋተርስ የሚባለው ሐይቅ የበዛበት ጫካ ገብተን አምስት ቀን በካኑ (በቀላል ታንኳ) ስንቀዝፍና ዓሣ ስናጠምድ ሰነበትን። ሙስ የምትባለው ግዙፍ የአጋዘን ዘር ከነጥጃዋ ውሃ ውስጥ ቆማ ስትበላ አየሁ። የመራን ልጅ ለዚህ ሥራ እንደሚከፈለው ሲነግረኝ ጆሮዬን አላመንኩም። ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ልቤ እዚያ ነው። ትምህርቱን ትቼ ጋይድ (የጉዞ መሪ) ልሁን? እናቴ ‹ከጣና ያወጣሁህ ታንኳ እንድትቀዝፍ ነው?› ብላኛለች።»

መልስ፦

እናትህ ያሉትን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ቀጥሎ ግን አሳዘኑኝ። ባሕር ዳር ላይ ታንኳ የሚቀዝፈው ማን እንደሆነ ያውቃሉ። ከዘጌ እንጨት ጭኖ፣ ከወገቡ በታች ርሶ፣ ገበያ ለመድረስ ሌሊት የሚነሳ ሰው ነው። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ሲከብድበት ታንኳውን ፀሐይ ላይ አቁሞ ያደርቃል፣ ጥቂት ቆይቶም ሌላ ይሠራል። እሳቸው መቅዘፊያ ሲያዩ የሚታያቸው ድህነት ነው። ስለዚህ ከእሳቸው ጋር ስትነጋገር ስለ ሐይቁ ውበት አታውራ። ስለ ደመወዙ፣ ስለ ኢንሹራንሱና በረዶ ሲመጣ ምን እንደምትሠራ አውራ። እኔም ወደዚያው እመጣለሁ።

መልሴን አስቀድሜ ልንገርህ፦ ትምህርቱን አትተው፤ ግን የሚቀጥለውን ሰመር ሙሉ ለዚህ ሥራ ስጠው። አንተ እስካሁን የምታውቀው እንግድነቱን ነው። የጋይዱን ወገን ገና አላየኸውም።

አንድ የራሴን ታሪክ ልንገርህ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር እዚያው አካባቢ አራት ቀን ገብተን ነበር። ተጠንቅቄ የያዝኩ መስሎኝ ቦርሳዬ ውስጥ ስድስት የቱና ቆርቆሮ ነበር። መሪያችን ሃያ ሦስት ዓመት እንኳ የማትሞላ ልጅ ነበረች፤ ገና መነሻው ላይ ቦርሳዬን አስፈትታ አንድ በአንድ አወጣቻቸው። ምግብን በቆርቆሮና በጠርሙስ ይዞ መግባት ክልክል ነው። የቀረኝ በሶና ቆሎ ብቻ ነበር። እውነቱን ለመናገር ለዚያ መንገድ ከእነሱ የተሻለ ስንቅ እስካሁን አላገኘሁም፤ አይከብዱም፣ አይበላሹም፣ እሳትም አይፈልጉም።

በሦስተኛው ቀን ባስውድ ሐይቅ ዳር ነፋስ ያዘን። ከእኛ አንዱ በማግስቱ ሥራ ስለነበረበት «እንሻገር» አለ። ሌሎቻችንም ደገፍነው። ልጅቷ ድንጋዩ ጫፍ ላይ ቆማ ማዕበሉን ለረጅም ጊዜ አየችና «ዛሬ አንሄድም» አለች። የሃምሳ ዓመት ሰዎች ተራ በተራ ተከራከርናት። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ሻይ አፈላች፣ ካርታዋን ዘረጋች፣ የቀረንን ምግብ ቆጠረች። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ቀሰቀሰችን። ሐይቁ እንደ ዘይት ረግቶ ነበር፤ ፀሐይ ሳትወጣ ተሻገርን። ያ ሰውዬ ጧት ሥራው አልደረሰም፣ ግን በሰላም ቤቱ ገባ። ልጅቷ የሳምንት ደመወዟን ያገኘችው በዚያ ቀን ነው ብዬ አምናለሁ፣ መቅዘፊያ ሳትነካ።

እንግዲህ አንተን የምጠይቅህ ይህን ነው፦ የአባትህ እኩያ ለሆነ፣ ገንዘቡን ለከፈለ ሰው «ተቀመጥ፣ አይሆንም» ማለት ትችላለህ? ቤታችን ያስተማረን ሌላ ነው። ታላቅ ሲናገር አንገት መድፋት፣ እንግዳ የጠየቀውን መስጠት፣ «እሺ» ማለት። ጨዋ ልጅ ሆኖ ያደገ ሰው ይህ ሥራ ላይ መጀመሪያ የሚቸገረው እዚህ ጋ ነው፤ ፖርቴጁማ፣ ካኑን ተሸክሞ ከሐይቅ ሐይቅ በእግር ማሻገሩ፣ በሁለት ሳምንት ይለመዳል። አክብሮትህን ጣለው አላልኩህም። በአክብሮት እምቢ ማለት የሚለመድ ሙያ ነው፤ ነርስም ታማሚውን ስታስታምም የምትፈልገው ይህንኑ ነው።

ስለ ዓሣው። አንተ ዋልአይ የሚባለውን ዓሣ ስታወጣ ደስ ብሎሃል። ጋይዱ በዚያ ሰዓት ምን ሲያደርግ እንደነበር ታስታውሳለህ? አብዛኛውን ጊዜ መንጠቆ አይጥልም። የተጠላለፈ ክር ይፈታል፣ ፓይክ የሚባለውን ዓሣ ስለታም ጥርስ እየሸሸ በፒንሳ መንጠቆ ይነቅላል፣ ታንኳዋ ነፋሱ እንዳይወስዳት በቀስታ እየቀዘፈ ይይዛታል። ከዚያ ዓሣውን ይበልታል፣ ዳር ላይ እሳት አንድዶ ይጠብሳል፣ ሆድ ዕቃውን ድብ እንዳይስብ ከሰፈሩ አርቆ ይጥላል። ዓሣ ማጥመድ የምትወድ ከሆነ ሰመሩን ሙሉ ሌላው ሰው ሲያጠምድ ታያለህ ማለት ነው። እዚህ ላይ ሥራውን የሚጠሉት ብዙ ናቸው። አንዳንዱ ደግሞ የስምንት ዓመት ልጅ የመጀመሪያ ዓሣዋን ስታወጣ ማየት ራሱ ከማጥመዱ ይበልጥበታል። የትኛው እንደሆንክ ከአሁኑ አታውቀውም። ሕጉን ግን ከአሁኑ እወቅ፦ ሚኒሶታ ውስጥ 16 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው የዓሣ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የእንግዶችህ ፈቃድ መኖሩን መነሻው ላይ ጠይቅ። ከእርሳስ የተሠራ ማጥለቂያም አትጠቀም፤ ያ ማታ ማታ የሚጮኸው ሉን የሚባል የውሃ ወፍ ይውጠውና በመርዙ ይሞታል።

ሙሷን በተመለከተ ዕድለኛ ነህ። በሰሜን ምሥራቅ ሚኒሶታ የሙስ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2006 ከነበረው ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ነጭ ጭራ አጋዘኖች የሚያዛምቱት አንጎል የሚጎዳ ትል አለ፤ አጋዘኑን ብዙም ሳይጎዳ ሙሱን ይገድለዋል። የበረዶ ወራት መዥገር አለ፣ ተኩላና ድብ ጥጆቹን ይወስዳሉ፣ ሙቀቱም ከዓመት ዓመት አልተመቻቸውም። ይህን የምነግርህ ለምንድን ነው? እንግዶችህ ሙስ ለማየት ይመጣሉ፣ አብዛኛውን ጊዜም ሳያዩ ይመለሳሉ። ጥሩ ጋይድ ሙስ ቃል አይገባም። ቢቨር የሚባለው እንስሳ በእንጨት የሠራውን ግድብ ያሳያል፣ ጭቃው ላይ የተኩላ ኮቴ ያገኛል፣ ሙስ የነጨችውን ቅርንጫፍ እያመለከተ ለምን እየጠፋች እንደሆነ ይነግራል። ይህ ንባብ ይጠይቃል። ያ ውሃ የነባሩ የኦጂብዌ ሕዝብ አገር መሆኑን፣ የምትቀዝፈው የካኑ ቅርፅም ከእነሱ የበርች ዛፍ ቅርፊት ታንኳ የመጣ መሆኑን ሳያውቅ የሚመራ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የሚመራው። የደንገል ታንኳ አይተህ ስላደግህ ይህ አንተን ከማንም በላይ ሊገባህ ይገባል።

አሁን በደብዳቤህ ያልጻፍከው ነገር፦ ዋና ትችላለህ? ሐይቅ ዳር አድጎ ዋና የማይችል ስንት ሰው አውቃለሁ! የማትችል ከሆነ ዛሬውኑ ተመዝገብ፤ እዚህ ላይ ድርድር የለም። በግንቦት መጀመሪያ በረዶው ገና የለቀቀው ውሃ ጎበዝ ዋናተኛንም በደቂቃዎች ያደነዝዛል።

ቀጥሎ የምስክር ወረቀት። ቀጣሪዎች በብዛት የሚጠይቁት የበረሃ የመጀመሪያ ርዳታ ነው። አጭሩ ኮርስ ሁለት ቀን ያህል ነው፤ «ዊልደርነስ ፈርስት ሪስፖንደር» የሚባለው ግን ከ70 እስከ 80 ሰዓት ይወስዳል። ሆስፒታል በሰዓታት ወይም በቀናት ርቀት ላይ ሲሆን የተሰበረ እግር፣ የቀዘቀዘ ሰውነት፣ የንብ አለርጂ እንዴት እንደሚያዝ ያስተምራል። ረጅሙን ውሰድ። ወደ ነርሲንግ ለሚሄድ ሰው አንዱም ሰዓት አይባክንም። ዋጋው ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ቀጣሪህ ይከፍል እንደሆነ ከመመዝገብህ በፊት ጠይቅ።

የት ታመለክታለህ? ሚኒያፖሊስ የሚገኘው ዊልደርነስ ኢንኳየሪ ለአንተ ቅርብ ነው፤ በትልልቅ ባለ 24 ጫማ ታንኳዎች የከተማ ተማሪዎችን ወንዝ ላይ የሚያወጣ ፕሮግራም አለው። ኢሊ ውስጥ ቮያጀር አውትዋርድ ባውንድ፣ የዋይኤምሲኤው ካምፕ ዊጂዋጋን፣ እንዲሁም ካኑና ድንኳን የሚያከራዩ ብዙ ድርጅቶች አሉ። የሰመሩ ቅጥር የሚካሄደው ገና በበረዶው ወራት ነው፤ ማመልከቻህን ከጥር ሳታሳልፍ ላክ። በመጀመሪያው ዓመት ጋይድ ላያደርጉህ ይችላሉ። ካኑ ታጥባለህ፣ ምግብ ትቋጥራለህ፣ እንግዳ በመኪና ታደርሳለህ። ግባበት፤ የሥራው ግማሽ እሱ ነው።

ቃለ መጠይቁ ላይ አንተም ጠይቅ። በአንድ ጉዞና በሚቀጥለው መካከል ስንት ቀን ዕረፍት አለ? ሰው ሲታመም በምን ትገናኛላችሁ? የሳተላይት መሣሪያ ይሰጣሉ? ጋይዱ በነፋስ ምክንያት አንድ ቀን ቢዘገይ ማን ይወቀሳል? ለዚህ የመጨረሻው ጥያቄ ቀጣሪው ከተንተባተበ ሌላ ቦታ ፈልግ።

ገንዘቡ። ሥራው ከግንቦት እስከ መስከረም፣ ቢበዛ ጥቅምት ነው። ክፍያው ብዙውን ጊዜ በቀን ታስቦ ከምግብና ከማደሪያ ጋር ይሰጣል፤ ቲፕ ከእንግዳው ይለያያል። ለአንድ ሰመር ጥሩ ነው፤ ወጪ ስለማታወጣ ትቆጥባለህ። ለዓመቱ ሙሉ ግን ኑሮ አይሆንም። በበረዶው ወራት ኢሊ ውስጥ በውሻ የሚጎተት የበረዶ ተንሸራታች የሚመሩ አሉ፣ የሚያስተምሩ አሉ፣ ሥራ ፈልገው ወደ ሌላ ስቴት የሚሰደዱም አሉ። ኢንሹራንስ በብዛት የለውም። እናትህ በሥራቸው በኩል የቤተሰብ ኢንሹራንስ ካላቸው ግን እስከ 26 ዓመትህ እዚያ ውስጥ መቆየት ትችላለህ፤ ይህን ንገራቸው። ነርሲንጉን አትተው ያልኩህም ለዚህ ነው። ሰመር ካምፖች ነርስ ይፈልጋሉ፤ ነርስ የሆነ ጋይድ ደግሞ በየትኛውም ማመልከቻ ክምር ውስጥ ከላይ ይቀመጣል።

አንድ ከባድ ነገር ሳልነግርህ አላልፍም። ኢሊ ሦስት ሺህ ያህል ሰው ያላት ከተማ ናት፤ የሚበዛው ነጭ ነው። አንዳንድ እንግዳ መነሻው ላይ አንተን አልፎ «ጋይዳችን የታል?» ይላል። ሁሉም በክፋት አይደለም፣ ግን ይሰለቻል። ስለዚህ ስትመርጥ ከአንተ በፊት ጥቁር ወይም ስደተኛ ሠራተኛ የነበረበትን ቦታ ፈልግ፤ ከተቻለም ሠራተኛውን ራሱን አግኝተህ ጠይቀው። በሌላ በኩል መንትያ ከተሞቹ (ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል) ውስጥ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ኖረው ከከተማ ወጥተው የማያውቁ ስንት የሐበሻ ቤተሰቦች አሉ። «ጫካ ገብቶ ድንኳን ማደር ስደት ነው እንጂ መዝናኛ ነው?» የሚሉህ አባቶችን በአማርኛ ማሳመን የሚችል ጋይድ ብዙ አላየሁም። ይህን ማመልከቻህ ላይ ጻፈው፤ ቋንቋ የሚለውን ሳጥን ለመሙላት ያህል ሳይሆን በአንድ ሙሉ አንቀጽ።

እስከ ጥር ድረስ ደግሞ ኢሊ ድረስ አራት ሰዓት መንዳት አያስፈልግህም። የሚሲሲፒ ወንዝ ከቤትህ ብዙ አይርቅም። ካኑ ተከራይና በረጋ ውሃ ላይ ከኋላ ተቀምጠህ ብቻህን አቅጣጫ መያዝ ተለማመድ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ እናትህን ይዘሃቸው ሂድ። ላይፍ ጃኬቱን በነጠላቸው ላይ አልብሰህ ከፊት አስቀምጣቸው፣ መቅዘፊያ አትስጣቸው። ዳር ዳሩን አንድ ሰዓት ብቻ ውሰዳቸው። «ይበቃል፣ መልሰኝ» ካሉ ሳትከራከር መልሳቸው። «እስከዚያ ዛፍ ድረስ እንሂድ» ካሉ ግን ነፋሱን አይተህ ወስን።