ቋንቋውን ስለምወድ ነው የማስተምረው፤ ተማሪዎቼ ግን ለሥራ ብቻ ይፈልጉታል

እህቴ፣ ጥያቄሽ ገብቶኛል። ቋንቋውን ስለወደድሽው መምህርት ሆንሽ። ተማሪዎችሽ ግን ግጥሙም ሰዋስዉም አይጥማቸውም፤ ለሥራ ብቻ ይፈልጉታል። «ጥፋቱ የማን ነው?» ብለሻል። የማንም አይደለም። ፍቅርሽ ክፍል ድረስ ያድርስሽ፤ የዕለቱን ትምህርት ግን እሱ አይምረጥ።

እኔ የማስተምረው አዋቂዎችን ነው። ወደዚህ ሙያ የሚያመጣን ፍቅር ብቻ አይደለም። ደመወዝ አለ። መደመጥ መውደድም አለ፣ ይሄን ግን ብዙዎቻችን አናምንም። መደመጥ የሚወድ መምህር ሳያስበው የተማሪዎቹን ሰዓት ይበላል። እስቲ አስቢው፦ 20 ተማሪዎች አሉ፣ ክፍለ ጊዜው 45 ደቂቃ ነው። አንቺ 30ውን ካወራሽ፣ ተራ በተራ ሲናገሩ ለአንዱ አንድ ደቂቃ እንኳ አይደርሰውም። በቀረው 15 ደቂቃ ሁለት ሁለት ሆነው ቢያወሩ ግን እያንዳንዱ ሰባት ደቂቃ ያህል ያገኛል።

ፍላጎታቸውን ለማወቅ «ምን መማር ትፈልጋላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አያስኬድም። አብዛኛው ሰው «ሰዋስው» ይልሻል፤ ድሮም የተማረው እሱን ነዋ! ይልቅ ቋንቋውን ከማን ጋር፣ የት፣ በጽሑፍ ወይስ በቃል እንደሚጠቀሙበት ጠይቂ። አንዲት ነርስ ብትመጣ የአካል ክፍሎችን፣ ቁጥርንና «በየስምንት ሰዓቱ አንድ ይውሰዱ» ማለትን ትፈልጋለች። ከሁሉም በላይ ደግሞ በሽተኛው በፍጥነት፣ በተቆራረጠ ዓረፍተ ነገር የሚነግራትን ሰምታ መረዳት አለባት። ተገብሮ ግስ (እንደ «ተሰጠ» ያለው) ይቆይላት።

ቋንቋን ለተወሰነ ሙያ የሚያስተምሩ ሰዎች ሦስት ነገሮችን ይለያሉ፦ ሥራው የሚጠይቀውን፣ ተማሪው የሚጎድለውን እና ተማሪው ራሱ የሚፈልገውን። ሦስቱ ሁልጊዜ አይስማሙም፤ ከባዱም ነገር እዚህ ጋ ነው። ለምሳሌ «ስሳሳት ወዲያው አርሚኝ» የሚል ተማሪ አለ። በየቃሉ ብታቋርጪው ግን ዝም ይላል። እኔ እንዲህ ካለው ተማሪ ጋር እስማማለሁ፦ ሲያወራ ስህተቱን በወረቀት እይዛለሁ፣ ሲጨርስ አብረን እናየዋለን። የጠየቀውን አልነፈግኩትም፤ ጊዜውን ብቻ ነው የቀየርኩት። የተማሪን ፍላጎት ማስቀደም ያለውን ሁሉ እሺ ማለት አይደለም።

የትምህርቱን ግብ ስትጽፊም «ኃላፊ ጊዜ» ብለሽ አትተዪው። «ትናንት ሥራ ላይ የገጠመውን ችግር ለአለቃው ማስረዳት ይችላል» በዪ። የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው፣ ከጀማሪው ኤ1 እስከ ከፍተኛው ሲ2 የሚሄደው የቋንቋ ችሎታ መለኪያም የተጻፈው እንዲሁ ነው፤ ተማሪው በቋንቋው ምን ማድረግ እንደሚችል ይናገራል።

ግጥሙንስ? ጨርሰሽ አትጣዪው። አጭር ግጥም ለድምፅ አወጣጥ ልምምድ አሪፍ ነው፤ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። የወደደው ተማሪ ከክፍል በኋላ መጥቶ ሌላ ይጠይቅሻል፤ ለሱ የፈለግሽውን ያህል ስጪው።