«ሐዘኑን አወቀችበት» ማለት ስሕተት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከቱሉ ዲምቱ ነው። አጭር ልብ ወለድ ጀምሬአለሁ፤ እዚሁ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስለሚኖሩ አባትና ልጅ። ልጅቷ የሰው ሐሳብ ሳይነገራት ትሰማለች። አባትየው የበኩር ልጁ በስደት ሞቶበታል፤ ታናሿ እንዳትሰበር ብሎ ግን ዝም ብሏል። አንድ ቀን እራት ላይ ሁሉንም ከውስጡ ትሰማዋለች። እኔ «የአባቷን ሐዘን አወቀችበት» ብዬ ጻፍኩ። የምታርምልኝ ጓደኛዬ «‹በት› ለጉዳት ነው፤ ልጅቷ አባቷን ስለምትወድ ‹አወቀችለት› በዪ» አለችኝ። «ሆዱን ሰማችው» ያልኩትንም «አእምሮውን አነበበች» ብላ ቀየረችው። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ ልክ አንቺ ነሽ፤ በሁለቱም። ጓደኛሽም ያለችውን ከራሷ አላመጣችውም። «በ» ከግሥ ኋላ ተለጥፋ ስትመጣ የጉዳት፣ «ለ» ስትመጣ የጥቅም ናት ተብለን ነው የተማርነው። ፈረደበት፣ ፈረደለት። መሰከረበት፣ መሰከረለት። በእነዚህ ሁለት ጥንዶች ብቻ ካየነው ነገሩ ያለቀለት ይመስላል። ይህን ትምህርት እንደ ሕግ የሚይዙ ሰዎች አሉ፤ ከእነሱ ጋር ስከራከር ኖሬአለሁ። ደንቡ ውሸት አይደለም። ግማሽ ነው። የቀረው ግማሽ ነው ደግሞ የሚበልጠው።

እስቲ የራስሽን ደብዳቤ መልሰሽ አንብቢው። «የበኩር ልጁ ሞቶበታል» ብለሻል። እዚህ ላይ ለአፍታ እንኳ አልተጠራጠርሽም። የሞተው ልጅ አባቱን ምን በደለው? ምንም። ሆኖም ልጁን ለቀበረ አባት «ልጁ ሞተለት» የሚል አማርኛ ተናጋሪ የለም። «ሞተለት» ስለ እሱ ብሎ ሕይወቱን ሰጠ ማለት ነው፤ ሌላ ነገር ነው። መሸብኝ ስንል ጀንበሯን አንከስም። ዘነበብኝ ስንል ሰማዩ ቂም ይዞብናል ማለታችን አይደለም። የምወደው እንግዳ እንኳ ቤቱ ሳይጠረግ ከደረሰ «መጣብኝ» እላለሁ፤ ስሜም ነው የማስገባው። እንግዲህ ይህች «በ» ጥፋተኛ አትጠቁምም። ነገሩ ማን ላይ እንዳረፈ፣ ማን ቤት ሳይጠራ እንደገባ ነው የምትናገረው። ፍቅር መኖር አለመኖሩ አይመለከታትም።

ከመገናኛ ወደ የካ አባዶ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ አንዲት ወጣት በስልክ ስታወራ ሰማሁ። «እማዬ እኮ አወቀችብኝ፤ ደሞ ምንም አላለችኝም» አለች። እናትየዋ አልተቆጣችም፤ አልቀጣችም። ጉዳት የለም። ልጅቷ ግን «አወቀችልኝ» አላለችም፤ ልትልም አትችልም። በልቧ የያዘችው ነገር ሳትሰጠው ተወስዷል። እዚያ ታክሲ ውስጥ የነበርን ሁሉ የገባን ይኸው ነው። እኔ እንዲህ ዓይነቱን ምስክር ከማንኛውም የሰዋስው መጽሐፍ አስቀድማለሁ።

የዚህችን «በ» ዘር ትንሽ ልከተለው። በግዕዝ ብየ፣ ብከ፣ ቦቱ እያልን እናረባታለን። ብየ ማለት «አለኝ»፣ አልብየ «የለኝም» ነው። ቦ ብቻዋን ስትቆም «አለ» ናት፤ ግዕዝ ያልተማረ ሰው እንኳ «ቦ ጊዜ ለኩሉ» ሲባል ያውቃታል። በግዕዝ ይህች ቃል ክብደት የላትም፤ ወርቅም ዕዳም እኩል ትይዛለች። ያከበዳት አማርኛ ነው። ገንዘብ «አለኝ» እንላለን፤ ዕዳ ግን «አለብኝ»። ልጅ «አለው»፤ ሐዘን ግን «አለበት»። ያንቺ አባት የበኩር ልጁ በሕይወት ሳለ ልጅ ነበረው። አሁን ሐዘን አለበት። ከ«አለው» ወደ «አለበት» የተሻገረው በአንዲት ቅጥያ ነው። ልጅቷ ስታውቅ ደግሞ ያቺው ቅጥያ ተመልሳ ትመጣለች፦ ሞተበት፣ ሐዘን አለበት፣ ዐወቀችበት። ሦስቱን በአንድ ገጽ ላይ ስታስቀምጪ አንባቢው ሸክሙ ሲጨምር በጆሮው ይሰማዋል። ጓደኛሽ «ለት» ብላ ስታርም ያንን ክር ነው የበጠሰችው።

ለጓደኛሽ አንድ ነገር መስጠት አለብኝ፤ ደስ ባይለኝም። «ዐወቀበት» ዛሬ በከተማው አፍ ብዙ ጊዜ ሌላ ትርጉም ነው ያለው። ብልሃቱን ያዘ፣ ተካነ ማለት ነው። «ኑሮን አወቀበት»፣ «ልጁ ነገር ያውቅበታል» ይባላል። ይህችኛዋ «በ» የመሣሪያዋ «በ» ናት፤ በቢላዋ ቆረጠበት እንደምንለው። «ሐዘኑን አወቀችበት» የሚለውን ወጣት አንባቢ ለቅጽበት «ሐዘን ላይ ተካነች» ብሎ ሊያነበው ይችላል። እኔ አይታየኝም። ግን ተማሪዎቼ እንደሚታያቸው ነግረውኛል፤ አፉ ወደዚያ እየሄደ ነው። ስለዚህ ከፊቱ ያለው ዐረፍተ ነገር አባትየው መደበቁን ይናገር። መደበቅ ከቀደመ «በት» ሌላ ትርጉም ለመያዝ ቦታ አያገኝም። «ነቃችበት» እንዳትዪ ብቻ። እሱ ሌባ ላይ ነው የሚያምረው።

ግሡንም በዐይኑ ዐ ጻፊው፤ ዐወቀ። ይህን ስል ፊደል መቁጠር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ለኔ ግን ትርጉሙ ያለው እዚያ ነው። በግዕዝ ዖቀ የሚል ግሥ አለ። ዐወቀ ማለት ነው፤ ደግሞም ተጠነቀቀ ማለት ነው። «ዑቅ» ሲባል «ተጠንቀቅ» ነው። ማወቅና መጠንቀቅ በአንድ ግሥ ውስጥ አብረው ኖረዋል። አማርኛ ማወቁን ይዞ መጠንቀቁን ጣለው። የሰው ሐሳብ ለምትሰማ ልጅ ከዚህ የተሻለ ግሥ ከየት ይመጣል? በአልፋው አ ስትጽፊው ይህ ዘር ይጠፋል። ጋዜጣው፣ የትምህርት ቤቱ መጽሐፍ፣ ስልኩ ሁሉ «አወቀ» ብለው እንደጨረሱት አውቃለሁ። የኔ ምርጫ ግን ይኸው ነው።

አሁን ወደ ሐዘኑ ልምጣ፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ከጠየቅሽኝ ይልቅ ያልጠየቅሽኝ ነገር ይበልጣል። «ዐወቀ» አለ፤ «ተረዳ» ደግሞ አለ። ተረዳ ማለት ገባው ማለት ነው። የሰው ሞት ተነገረውም ማለት ነው። መርዶ፣ አረዳ፣ ተረዳ፤ አንድ ቤተሰብ ናቸው። መርዶ በወጉ ብቻውን አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፤ ሽማግሌ ይፈለጋል፤ ማለዳ በር ይንኳኳል። ያንቺ ልጅ ግን የወንድሟን ሞት እራት ላይ፣ ከአባቷ ዝምታ ውስጥ ሰማችው። ማንም ሳያረዳት ተረዳች። ይህን ዐረፍተ ነገር ከፈለግሽ ውሰጂው፤ ሁለቱም ትርጉሞች በአንድ ጊዜ ይሠራሉ።

አባትየውስ? ለሱ አማርኛ ልዩ ቃል አለው፦ እርሙን አላወጣም። እርም የግዕዙ ሕርም ነው፤ የተከለከለ፣ የማይነካ። ከዐረብኛው ሐራም ጋር ዘሩ አንድ ነው። ሰው በሩቅ ሲሞት፣ ሬሳው ሳይታይ ሲቀር፣ ቤተሰቡ አልቅሶ «እርሙን ያወጣል»። እስከዚያ ሐዘኑ በላዩ ላይ እንደ ተከለከለ ነገር ተቀምጧል። እኛ ብሎክ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተጥሎ እንዲህ ያለ አባት አይቻለሁ። ልጁ ባሕር ማዶ ነበር የሞተው። ሰው ሲገባ ሲወጣ እሱ የዕድሩን ፕላስቲክ ወንበሮች አንድ በአንድ በእጁ እየተጫነ እግራቸው መሰበር አለመሰበሩን ያያል። የላላ የድንኳን ገመድ ያጠብቃል። ለቀስተኛውን «ብሉ እንጂ፣ ምነው» ይላል። አንዱ የዕድር ሽማግሌ ጎንበስ ብለው «ይሄ ሰው እርሙን አላወጣም» አሉኝ። ማንም «ሐዘኑን ደብቋል» አላለም። «ደበቀ» የዕቃ ግሥ ነው። በረቂቅሽ ውስጥ «ደበቀ» ካለ «በሆዱ ያዘ» በዪው።

እንግዲህ ሆድ ደረሰ። ጓደኛሽ «አእምሮ» ያለችው ቃሉ ጨዋ ስለመሰላት ይመስለኛል። ሆድ ስንል ሆዳምና ሆድ አደር ይታወሰናል፤ ልክ ነው። ግን አእምሮ ምን እንደሆነ እንይ። ከግዕዙ አእመረ ነው የመጣው፤ ዐወቀ ማለት ነው። አእምሮ የሚታወቀው ነገር ቤት ነው፤ ትምህርት፣ ሒሳብ፣ መንገድ። ሆድ የሚያዘው ነገር ቤት ነው። ሆዱ ባሰው እንላለን። የሆዴን አጫወትኩት እንላለን። ሆድና ጀርባ ሆኑ፣ ሆድ ይፍጀው። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» የሚለው ተረት ደግሞ ያንቺን ታሪክ ጥያቄ ይጠይቃል። «ያባው» እዚህ ላይ የሸሸገው ማለት ነው። እኔ ከግዕዙ ኀብአ፣ ሸሸገ፣ ጋር አዛምደዋለሁ፤ ሆድ ሸሽጎ የያዘውን። ተረቱ ከሆድ ነገር ለማውጣት ብቅል ያስፈልጋል ይላል። ጠጪው ራሱ አፉን መክፈት አለበት። ያንቺ ልጅ ያለ ብቅል አወጣችው። የታሪክሽ ከባድ ነገር እዚህ ነው ያለው። «አእምሮውን አነበበች» ስትዪ ይህ ሁሉ ይተንናል፤ ከባዕድ ቋንቋ የመጣ አባባል መሆኑም ያስታውቃል። ወጣቱ በየቀኑ ይለዋል፤ ከእንግዲህ የሚመለስ አይመስለኝም። በሳይንስ ጽሑፍ ውስጥ እታገሠዋለሁ። በኮንዶሚኒየም እራት ገበታ ላይ አልታገሠውም።

«ቴሌፓቲ» የሚለውንም ቃል ልትጠቀሚ ትችዪ ይሆናል፤ አትጥዪው። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ማየርስ በ1882 እ.ኤ.አ. ከግሪክኛ ያበጀው ነው። ቴሌ ሩቅ ነው። ፓቶስ ስሜት ነው፤ ደግሞም ሕማም ነው፣ ሕማማት እንደምንለው። የሰው ሕማም ከሩቅ ሲሰማ ማለት ይሆናል። ፈጣሪው ካሰበው በላይ ለዚህ አባት ይስማማዋል።

አንዳንዶች ደግሞ ለዚህ ሁሉ «ግላዊነት» የሚል ቃል አለን ይላሉ። አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 ላይ ያከብረዋል፤ ቤትን፣ ሰውነትን፣ ንብረትን፣ ደብዳቤን፣ የስልክ ንግግርን ይጠብቃል። ጥሩ የሕግ ቃል ነው። የአባት ዝምታ ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ያንን የሚጠብቀው ሰዋስው ነው። ሳይነግርሽ ካወቅሽ ዐወቅሽበት። ነግሮሽ ካወቅሽ ተረዳሽለት። የታወቀው ነገር ያው አንድ ነው። በመካከል ያለው ልዩነት ፈቃዱ ነው፤ አማርኛ ያንን ልዩነት በአንድ ፊደል ይይዘዋል።

ስለዚህ «ለት»ን አትጣያት፤ አቆያት። እራቱ ላይ «ዐወቀችበት» ይሁን። አባትየው በኋላ ራሱ አፉን ከፍቶ የልጁን ስም ከጠራ፣ ያኔ «ተረዳችለት» በዪ። ስሙን ሳይጠራ ታሪኩ ካለቀም «በት»ን እስከ መጨረሻው ያዣት። እሷ ስለምትወደው ብቻ ወደ «ለት» ልትሻገር አትችልም። ሐዘንን በሐመሩ ሐ ጻፊ፤ ዐረብኛው ሑዝን በዚያው ድምፅ ይጀምራል። አሳታሚው ዐይኑን ዐ ወደ አልፋው ቢለውጠው ብዙ አትሟገቺ፤ እኔም በዚህ ተሸንፌአለሁ። «በት»ን ካወጣብሽ ግን መልሰሽ አስገቢው።