የአንባቢያን ጥያቄ፦ የአንዳሉስ ድንጉላ ለእንጅባራ ይሆናል?

ጥር 23 የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ካለፈ ወዲህ ስለ ፈረስ ብዙ ጥያቄ ደርሶናል። ከስፔን ፈረስ (የአንዳሉስ ፈረስ የሚባለው ነው) ጋር የተያያዙትን አራቱን በዚህ እትም መልሰናል።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ የስፔን ፈረስ ዘሩ ዓረብ ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ከዓረብ ይልቅ ለበርበር ይቀርባል። በርበር የሞሮኮና የአልጄሪያ ምድር ፈረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ711 ሙስሊሞቹ ከሰሜን አፍሪካ ባሕሩን ተሻግረው ስፔን ሲገቡ ፈረሶቻቸው ከአገሬው ጋር ተዳቀሉ። ዛሬ የምናየውን ፈረስ ያወጣው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ምርጫ ነው። የስፔን ንጉሥ ፊልጶስ ሁለተኛ እ.ኤ.አ. በ1567 ኮርዶባ ላይ የቤተ መንግሥት ርቢ አስጀመረ። በሄሬዝ የካርቱዚያን ገዳም መነኮሳትም የራሳቸውን መንጋ ባዕድ ደም ሳያስገቡ ጠበቁ። እ.ኤ.አ. በ1580 በዛሬዋ ስሎቬንያ ባለችው ሊፒሳ ላይ የተጀመረው፣ ቪየና ውስጥ የሚታየው ነጭ ፈረስ ዋና ዘሩ ከዚሁ ከስፔን ነው። የስፔን ፈረስ የዘር መዝገብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1912 ሲሆን፣ ስሙም ያኔ «ንጹሕ የስፔን ዘር» ተባለ።

በቅሎ ለሚወደው ጎጃሜ አንድ ነገር እንጨምር። ስፔን ውስጥ ከታጉስ ወንዝ በስተደቡብ ባዝራን ለአህያ መስጠት በሕግ ተከልክሎ ነበር። ጥሩ ባዝራ ሁሉ በቅሎ እየወለደች ፈረስ እንዳይጠፋ ነው።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ አምባላይ የሆኑት የስፔን ፈረሶች ውርንጭላ ሳሉ ጥቁር ወይም ዳማ ናቸው። ለምን?

መልስ፦ ነጭ ሆነው አይወለዱም፤ በዓመታት ይነጣሉ። ይህን የሚያደርገው አንድ ዘረ መል ነው፤ ከእናት ወይም ከአባት ከአንዱ ብቻ ቢመጣም በቂ ነው። መዝገብ ላይ ካሉት ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ናቸው። ዋጋው ግን በእርጅና ይከፈላል፦ 15 ዓመት ካለፋቸው ውስጥ አብዛኞቹ ጭራ ሥርና ፊንጢጣ አካባቢ ጥቁር እባጭ ያወጣሉ። አገራችን ውስጥም ያረጀ አምባላይ የሚገዛ ሰው ጭራውን አንሥቶ ይይ። እባጩ ትንሽና ጠንካራ ከሆነ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ሲሰፋና ሲቆስል ግን ፋንድያ መጣል ያስቸግረዋል። በጋለ ብረት መተኮስ ቁስሉን ያብሳል እንጂ አያድንም።

ጥያቄ (ከእንጅባራ)፦ በማኅበር ገንዘብ አዋጥተን አንድ የአንዳሉስ ድንጉላ አምጥተን ባዝራዎቻችንን ብናስጠቃ ያዋጣናል?

መልስ፦ አያዋጣችሁም። ዋናው ምክንያት በሽታ ነው። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ እኛ ዘንድ ከጥንት አለ። ስፔን ግን እ.ኤ.አ. በ1987 ከናሚቢያ በመጡ የሜዳ አህዮች ገብቶባት እስከ 1990 ድረስ ብዙ ፈረስ ፈጅቶባታል። በሽታውን ያላወቀ ፈረስ ሳንባው ከተያዘ የሚተርፈው ጥቂት ነው፦ ትኩሳት፣ ከዓይን በላይ ያለው ጉድጓድ ማበጥ፣ ከአፍንጫ አረፋ፣ ከዚያ ሞት። የሚያስተላልፈው ከምሽት እስከ ንጋት የሚበር ደቃቅ ነካሽ ዝንብ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ይበረታል። ለአገሬው ፈረስም ቢሆን ክትባቱ ክረምት ሳይገባ መሰጠት አለበት፤ በሽታው ከገባ በኋላ የሚከተብ ፈረስ መከላከያ ለማበጀት ሳምንታት ስለሚወስድበት አይደርስለትም። ማታ ማታ ፈረሱን ረግረግ ዳር አታሳድሩ።

ሁለተኛው ሆድ ነው። የአንዳሉስ ድንጉላ ከመሬት እስከ ጫንቃ 1.56 ሜትር ገደማ፣ ክብደቱም 500 ኪሎ አካባቢ ነው። ፈረስ በቀን የክብደቱን 2 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል፤ ስለዚህ 10 ኪሎ ድርቆሽ ማለት ነው። የእናንተ ፈረስ ግማሹ ይበቃዋል። ክብደቱን ለማወቅ ለኩት፦ ከጫንቃው ኋላ በደረቱ ዙሪያ ሜትር አዙሩ፤ የተገኘውን ሴንቲ ሜትር በራሱ አባዙ፤ ከፊት ትከሻው ጫፍ እስከ ታፋው መጨረሻ ባለው ርዝመት አባዙ፤ ለ11,880 አካፍሉ። ዙሪያው 150፣ ርዝመቱ 130 ከሆነ 246 ኪሎ ይመጣል። ሜትሩ ላልቶ 5 ሴንቲ ሜትር ብትጨምሩ ወደ 17 ኪሎ ትሳሳታላችሁ፤ የትል መድኃኒት የሚበዛውም የሚያንሰውም በዚህ ነው።

ከስፔኖቹ የሚቀዳው መዝገቡ ነው። እነሱ 3 ዓመት ያልሞላውን ለርቢ አይመረምሩም፤ አንገቱ በስብ ወደ ጎን የወደቀውን እንደ ጉድለት ይቆጥሩበታል። እናንተም ደብተር ያዙ፦ የተወለደበት ቀን፣ እናት፣ አባት፣ ቁመት። ኮቴው ጠንካራ፣ እግሩ ቀጥ ያለ፣ ጠባዩ የሰከነ ድንጉላ ምረጡና ሌላውን አስቀጥቅጡ። የተመረጠውንም ከሦስት ዓመት በላይ አንድ ቀበሌ አታቆዩት፤ ከዚያ በኋላ የሚመጡለት ባዝራዎች የገዛ ልጆቹ ይሆናሉ።

ጥያቄ (ከቲሊሊ)፦ የፊት እግሩን ቀጥ አድርጎ እያነሣ የሚራመደው የስፔን ፈረስ፣ ተፈጥሮው ነው ወይስ ተምሮ?

መልስ፦ ተምሮ ነው። የስፔን ፈረስ በተፈጥሮው ጉልበቱን ከፍ አድርጎ ስለሚረግጥ ቶሎ ይገባዋል እንጂ የእናንተም ይማራል። ፈረሱን አጥር ጥግ ያቁሙት፤ ኮርቻ አይጫንበት። ከፊቱ ሳይሆን ከትከሻው ጎን ቆመው ክንዱን በቀጭን ዘንግ ይንኩት። እግሩን ትንሽም ቢያነሣ ዘንጉን ወዲያው ያርቁና እፍኝ ገብስ ይስጡት። በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል። አንዱ እግር ሳይጸና ወደ ሌላው አይሂዱ፤ ከጸኑ በኋላ በየሦስት እርምጃው አንዴ ያስነሡት። ዘንጉ ምት ከሆነ ግን ፈረሱ በፊት እግሩ ሰው መምታት ይማራል። ሳይጠየቅ እግሩን ሲወረውር ገብስ አይስጡት፤ ልጆችም ፊት ለፊቱ እንዳይቆሙ።